ቡናን ዐረብ ያሰኘው አፀድ

አቦል ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ፣ ከተሰበሰበው ሰው መካከል አንዱ ሁልጊዜ የሚያነሳት ወቀሳ አለች። «ቡናው የእኛ፣ ጫካው የእኛ፣ ከፋ የእኛ፤ ስሙ ግን ኮፊያ አራቢካ! ዐረብ ወሰደብን፣ ፈረንጅ ጻፈለት» ይላል። የቀረነው አንገታችንን እንነቀንቃለን። በረካውን በቁጭት ጨልጠን፣ ሲኒውን መልሰን፣ አመስግነን ወደየቤታችን እንሄዳለን። በሚቀጥለው ሳምንት ወቀሳዋ በሌላ ቤት፣ በሌላ ረከቦት ዙሪያ ትደገማለች።

እኔም ይህችን ወቀሳ ስደግማት የኖርሁ ሰው ነኝ። አንድ ጊዜም በጽሑፍ አውጥቻት ብዙ ሰው አመስግኖኛል። ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ግን ልደግማት ሳይሆን ልሞግታት ነው። ሙግቴ ባጭሩ ይህ ነው፦ ለተክል ስም የሚያወጣለት ተክሉ በደጁ የበቀለለት ሰው አይደለም። ስም የሚያወጣው አፀድ ከልሎ፣ ተክሉን ከተማሪ ፊት አቁሞ፣ ቆጥሮና መዝግቦ ያስተማረ ሰው ነው። እኛ ጫካ ነበረን፤ የሚያስተምር አፀድ ግን አልነበረንም። ይህን ጉድለታችንን ዛሬም በቁጭት እንሸፍነዋለን እንጂ አልሞላነውም።

ነገሩ የገባኝ በሰው አገር ነው፤ ያውም በኀፍረት። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በእኛ ክረምት በእነሱ በጋ፣ ስዊድን የምትኖር የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ኡፕሳላ የምትባለውን የዩኒቨርስቲ ከተማ ላሳይህ ብላ ወሰደችኝ። እዚያም ካርል ሊኔየስ የተባለው ሊቅ ያስተምርበት የነበረውን የአትክልት ቦታ አየን። ትልቅ ነገር ጠብቆ የሄደ ሰው ቅር ይለዋል፤ ቦታው ጠበብ ያለ ነው። ቀጥ ያሉ መደቦች፣ በየመደቡ ትናንሽ የስም ምልክቶች፣ በስተኋላ አንድ ቤት፤ አለቀ። አረም ይነቅሉ የነበሩ አንዲት አረጋዊት ቀና ብለው ከየት እንደመጣሁ የአክስቴን ልጅ ጠየቋት። «ከኢትዮጵያ» አለቻቸው። ፊታቸው በራ። «ታዲያ በእናንተ አገር ቡና መቼ ነው የሚያብበው?» አሉ።

የአክስቴ ልጅ ጥያቄውን ተርጉማ ፊቴን አየች። እኔ ደግሞ የእሷን አየሁ። ሁለታችንም አናውቅም ነበር። በሕይወቴ ስንት ሺህ ሲኒ ቡና እንደጠጣሁ እግዚአብሔር ይቁጠረው፤ አበባውን ግን አንድም ቀን ቀርቤ አይቼው አላውቅም። ስለ ስሙ ግን ጽሑፍ ጽፌያለሁ! የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው በሌላ ሰው ላይ ሲተረት ያስቃል፤ በራስ ላይ ሲደርስ ግን ያማል። ከዚያ ቀን ወዲህ የዚያን አፀድ ታሪክ ሳገላብጥ ቆየሁ። አንባቢ ሆይ፣ ታሪኩን እነሆ፤ ከእኛ ጋር የሚያገናኘውንም እግረ መንገዴን አነሳለሁ።

ኡፕሳላ ዩኒቨርስቲ የተመሠረተው በ1477 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በእኛ ዘንድ ዐፄ በእደ ማርያም በነገሡበት ዘመን መሆኑ ነው። ያ ዩኒቨርስቲ ለመጀመሪያዎቹ 180 ዓመታት ገደማ የዕፅዋት አፀድ አልነበረውም። በ1655 ነገሩን የለወጠው ኦሎፍ ሩድቤክ የተባለ የ25 ዓመት ወጣት ነው። ሰውየው የሰውነት ክፍሎችን የሚመረምር ሐኪም ነበር። ትምህርቱን ለማስፋት ሆላንድ፣ ላይደን ከተማ በሄደ ጊዜ የዚያ ዩኒቨርስቲ በ1590 የመሠረተውን አፀድ አይቶ ቀናበት። ልብ በሉ፤ ኡፕሳላም ራሷ በቅናት ነው የጀመረችው። ሩድቤክ ግን ቅናቱን በሻይ ቤት አልጨረሰውም። ሲመለስ መሬት ለመነ፣ ቆፈረ፣ ተከለ።

ለመሆኑ አፀድ ለዩኒቨርስቲ ምን ይሠራለታል? ያን ጊዜ የዕፅዋት ትምህርት የሕክምና ትምህርት አካል ነበር። መድኃኒት ማለት ሥር፣ ቅጠል፣ ፍሬና ልጥ ነበርና፣ ሥሩን ከሥር ለይቶ የማያውቅ ሐኪም በመድኃኒት ሻጭ ይታለላል፤ በሽተኛውንም ይገድላል። ስለዚህ የጣልያኗ ፓዱዋ በ1545፣ ከዚያም ሌሎቹ የአውሮፓ ዩኒቨርስቲዎች አፀድ የተከሉት ለጌጥ አልነበረም። አፀዱ የመማሪያ ክፍል፣ መደቡም ጥቁር ሰሌዳ ነበር። ተማሪው «ይህ ምንድን ነው?» ሲባል መጽሐፍ ሳይሆን ቅጠል እየዳሰሰ ይመልስ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ብዕሬ ይታዘበኛል። በእኛም አገር ሥርን ከሥር፣ ቅጠልን ከቅጠል የሚለዩ ሊቃውንት ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። የደብተራዎቹ የመድኃኒት መጻሕፍት የዕፅዋት ስም ሞልቶባቸዋል። እኛ ግን እነዚህን ሰዎች ምን ብለን ነው የጠራናቸው? «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ!» ስድብ አድርገን ጠራናቸው፤ እነሱም እውቀታቸውን ደበቁ፤ ለአንድ ልጃቸው በጆሮው ሹክ ብለው፣ ልጅ ከሌላቸውም ይዘውት ተቀበሩ። ኡፕሳላ ቅጠል በጣሹን ፕሮፌሰር አደረገችው፤ ንጉሡም በኋላ የመኳንንት ማዕረግ ጨመሩለት። ከሊኔየስና ከደብተራው አንዱ ከሌላው በተፈጥሮ ብልህ ስለሆነ አይደለም። አንዱ ያወቀውን በአደባባይ መደብ ላይ ተከለው፤ ሌላው ያወቀውን በክታብ ጠቅልሎ አሰረው። እንዲያስረው ያደረግነው ደግሞ እኛው በስድባችን ነን።

ወደ ሩድቤክ ልመለስ። አፀዱን ካቆመ በኋላ የሚታወቁትን ዕፅዋት ሁሉ በእንጨት ላይ አስቀርጾ በሥዕል ለማሳተም ተነሳ። ሥራው ገና ብዙ ሳይሄድ በግንቦት 1702 ኡፕሳላ ተቃጠለች። ከተማዋ ስትነድ ሽማግሌው ሩድቤክ የራሱ ቤትና ንብረት እየጠፋ በዩኒቨርስቲው ሕንፃ ጣሪያ ላይ ቆሞ እሳት አጥፊዎችን ያዝዝ ነበር ይባላል። የተቀረጹት እንጨቶች አብዛኞቹ አመድ ሆኑ። እሱም በዚያው ዓመት ሞተ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነው ለእኛ ትምህርት የሚሆነው። አፀዱ አርባ ዓመት ያህል ወድቆ ቀረ። ዩኒቨርስቲው አልተዘጋም፤ ፕሮፌሰሮች ነበሩ፣ ደመወዝ ነበራቸው፣ መጻሕፍትም ነበሩ። የዕፅዋት ትምህርቱ ግን ከሞላ ጎደል ቆመ። አፀድ ሲሞት ትምህርቱም አብሮ እንደሚሞት ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም። በ1728 ሊኔየስ የተባለ ድሃ የቄስ ልጅ ለትምህርት ኡፕሳላ ሲደርስ ያገኘው ይህንኑ ፍርስራሽ ነበር። በዓመቱ እዚያ አፀድ ውስጥ ተቀምጦ አበቦችን ሲመረምር አንድ ትልቅ የሥነ መለኮት ሊቅ አገኙት። ሰውየው ኦሎፍ ሴልሲየስ ናቸው፤ በሙቀት መለኪያው የምናውቀው የሴልሲየስ አጎት። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስለተጠቀሱት ዕፅዋት ያጠኑ ስለነበር ጠየቁት፤ መለሰ፤ እንደገና ጠየቁት፤ መለሰ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ወስደው አበሉት፣ መጻሕፍታቸውንም ከፈቱለት። በ1730 ያ ልጅ ገና ተማሪ ሳለ፣ ያረጁትን የሩድቤክን ልጅ ተክቶ በአፀዱ ውስጥ ማስተማር ጀመረ።

ይህን ሳነብ የራሴን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስታወስሁ። ስሙ ይቆይ። የባዮሎጂ መምህራችን ደግ ሰው ነበሩ። የአበባን ክፍሎች በጠመኔ አሳምረው ይስሉልን ነበር። እኛም ገልብጠን፣ ሸምድደን፣ በፈተና አሥር ካሥር እናገኝ ነበር። ትምህርቱ የተሰጠን በመስከረም ነው። በመስኮቱ ማዶ ግቢው አደይ አበባ ለብሷል። ከስድሳ ተማሪ አንድም ሰው፣ መምህሩም ጭምር፣ ወጥቶ አንዲት አበባ ቀጥፎ አልገባም። ብንቀጥፍ ኖሮ ሰሌዳው ላይ ያለው ሥዕል እንደማይገጥም እናይ ነበር፤ አደይ አበባ አንድ አበባ አይደለችምና። መካከሏ ላይ ያለው ቢጫ ጥቃቅኑ ነገር እያንዳንዱ ራሱን የቻለ አበባ ነው፤ እኛ አንድ የምንላት የብዙዎች ጉባኤ ነች። ዘፈን ዘፈንላት፣ ካርድ ላይ ሳልናት፣ ምን እንደሆነች ግን አናውቅም። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደዚያ ትምህርት ቤት ጎራ ብዬ ነበር። አበባው የነበረበት ቦታ ሲሚንቶ ፈሶበት የመኪና ማቆሚያ ሆኗል።

ሊኔየስ በ1741 ፕሮፌሰር ሆኖ ሲሾም መጀመሪያ የጠየቀው አፀዱ እንዲታደስ ነው። በ1742 ሥራው ተጀመረ። ንድፉን ሆርለማን የተባለ ስመ ጥር የሕንፃ ባለሙያ አወጣ፤ ብርድ ለማይችሉ ተክሎች የሚሞቅ ቤት ተሠራ፤ ሊኔየስም ከነቤተሰቡ በአፀዱ ጥግ ባለው ቤት ገባ። ተክሎቹን የደረደራቸው እሱ ባወጣው ሥርዓት ነበር። ሥርዓቱ ልጅም ይገባዋል፦ በአበባው ውስጥ ያሉትን ወንዴዎች ቁጠር። አንድ ከሆነ አንደኛ ምድብ፣ ሁለት ከሆነ ሁለተኛ፣ እያለ ይቀጥላል፤ ጠቅላላው 24 ምድብ ነው። ቡና አምስት ወንዴ ስላለው አምስተኛው ምድብ ውስጥ ገባ። ይህ አከፋፈል ዛሬ በሳይንሱ ዘንድ ተሽሯል፤ ዝምድናን አያሳይምና። ለማስተማሪያነት ግን ተወዳዳሪ አልነበረውም። ማንኛውም ማንበብና መቁጠር የሚችል ሰው፣ አጉሊ መስታወትና ትዕግሥት ካለው፣ የማያውቀውን ተክል ቦታ ሊያገኝለት ቻለ። እውቀቱ ከሊቃውንት ጓዳ ወጥቶ ሜዳ ላይ ዋለ።

በበጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ተማሪዎቹን አስከትሎ ከከተማው ይወጣል። አንዳንድ ጊዜ ከመቶ የሚበልጥ ሰው ይከተለዋል። ቀላል ልብስ ለብሰው፣ አጉሊ መስታወት ይዘው ቀኑን ሙሉ ሲለቅሙና ሲጠይቁ ይውላሉ። ማታ ከበሮ እየመቱ፣ ቀንደ መለከት እየነፉ፣ ባርኔጣቸው ላይ አበባ ሰክተው ይመለሱና በአፀዱ በር ላይ «ሊኔየስ ይኑር!» ብለው ይለያያሉ። ትምህርት እንደ ንግሥ ሲከበር ምን እንደሚመስል እዩ።

«አገር ሳይጠግብ አበባ ቆጠራ!» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ለመሆኑ ስዊድን ያን ጊዜ ምን ነበረች? ከ1700 እስከ 1721 በተካሄደው ጦርነት ግዛቷን ያጣች፣ የደኸየች አገር ነበረች። አፀዱ መታደስ በጀመረበት በ1742 ራሱ ከሩሲያ ጋር ሌላ ጦርነት ላይ ነበረች፤ እሱንም ተሸነፈች። ሊኔየስ አፀዱን የፈለገውም አገሩ ድሃ ስለሆነች ነው። ለሻይና ለመድኃኒት ወደ ውጭ የሚፈስሰው ብር ያንገበግበው ስለነበር የሩቅ አገር ተክሎችን ስዊድን ውስጥ ለማልመድ ይታገል ነበር። በ1763 ሕይወት ያለው የሻይ ችግኝ ኡፕሳላ ደረሰለት፤ ብርዱ ግን ሕልሙን አልፈቀደለትም። የእኛን አፈር የሚያህል አፈር ቢኖረው ምን ያደርግ እንደነበር አስቡት።

አሁን ወደ ወቀሳዋ እንምጣ። በ1753 ሊኔየስ በዓለም ላይ የሚያውቃቸውን ዕፅዋት ሁሉ በአንድ መጽሐፍ አወጣ፤ ወደ 6,000 ይደርሳሉ። ለእያንዳንዱ ሁለት ቃል ያለው ስም ሰጠው፤ ቡናንም ኮፊያ አራቢካ አለው፤ መኖሪያው ደቡብ ዐረብ ነው ብሎም ጻፈ። ተሳስቷል። ግን ሌባ ነበርን? አውሮፓ ቡናን ያወቀችው በየመን ወደብ በኩል ነው። ችግኙም ከዐረብ እጅ በሆላንዶች በኩል ጃቫ፣ ከዚያ አምስተርዳም አፀድ፣ ከዚያ በ1714 ለፈረንሳይ ንጉሥ በስጦታ ፓሪስ ደረሰ። ከሊኔየስ በፊት የነበሩት ሊቃውንትም «የዐረብ» ብለው ጽፈውት ነበር። በየደረሰበት አፀድ ውስጥ ተክሉን የተቀበለ፣ የሳለና የመዘገበ ሰው ነበር። ከየመን በስተ ምዕራብ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሰነድ የላከ ሰው ግን አልነበረም። ዳኛ በቀረበለት ሰነድ ነው የሚፈርደው። የዕፅዋት ስም ሕግ ደግሞ የሚጀምረው ከዚያው ከ1753 መጽሐፍ ነውና፣ ስሙ በእኛ ቁጭት አይለወጥም።

ስም ሁሉ እንዲህ አልሄደብንም። ጤፍ እስከዛሬ በሳይንስ ስሙ ጤፍ ነው። የእንሰት ወገን በሙሉ የሚጠራው ኤንሴቴ ተብሎ ነው፤ ቃሉ የእኛ ነው። በሌላ በኩል ኮሶ የአንድ የጀርመን መድኃኒት ቀማሚ ስም ተለጥፎበታል፤ ኑግ ደግሞ በጊዞ ተጠርቷል። ጊዞ የፈረንሳይ ፖለቲከኛ ነው፤ በኑግ ላይ ምን ውለታ እንደነበረው እሱና ስሙን ያወጡለት ይወቁ። ጫትን ለሳይንስ የገለጸው የኡፕሳላው የሊኔየስ ተማሪ ፒተር ፎርስኮል ነው፤ የሰፈሩን ሰዎች ጠይቆ ያገኘውን ስም ሳይጥል «ካታ» ብሎ ጻፈው። ይህ ፎርስኮል በ1759 ስለ ዜጎች ነፃነት ትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ መንግሥት እንዲሰበሰብ ያዘዘበት ሰው ነው። መጽሐፉን ከየሰው እጅ እንዲሰበስብ የታዘዘውም የዩኒቨርስቲው አስተዳዳሪ የነበረው መምህሩ ሊኔየስ ነበር። በ1763 የመን ውስጥ በወባ ሞተ፤ 31 ዓመቱ ነበር። ስም የሚያወጡት ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው ብቻ አላወጡትም።

ሊኔየስን ቅዱስ ላደርገው አልተነሳሁም። እንደ ተክሉ ሁሉ የሰውን ልጅም መደበ፤ በ1758 ባሳተመው መጽሐፍ ለአፍሪካዊው ስንፍናንና ተንኮልን፣ ለአውሮፓዊው ብልሃትን አደለ። አበባን ቆጥሮ የጻፈ ሰው፣ ሰውን ሳይቆጥርና ሳያይ ጻፈ። ነገሩ ሙግቴን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ ፊት ለፊቱ ያቆመውን ሲመረምር ትክክል ነበር፣ ከወሬ የሰማውን ሲጽፍ ግን ነውረኛ ሆነ። እኛም ስለ ቡናችን የምናወራው ከወሬ ነው።

ባለቤት መሆንም ብቻውን አይበቃም፤ ይህን ራሷ ስዊድን በዋጋ ተምራዋለች። ሊኔየስ በ1778 ሞተ፤ ልጁም ብዙ ሳይቆይ ተከተለው። በ1784 መበለቲቱ የደረቁትን ተክሎች፣ መጻሕፍቱንና ደብዳቤዎቹን ለአንድ ወጣት እንግሊዛዊ ሸጡት፤ ዛሬም ያሉት ለንደን ነው። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም። የአገሪቱ ታላቅ ሀብት በመርከብ ሄደ። ንጉሥ ጉስታቭ 3ኛ በ1787 የቤተ መንግሥቱን አትክልት ቦታ ለዩኒቨርስቲው ሰጥተው አዲስ አፀድ በ1807 ሲመረቅ፣ አሮጌው የሊኔየስ አፀድ ተረስቶ ቀረ። ከ1917 ጀምሮ ግን ሰዎች ተሰብስበው እንደ ድሮው መልሰው ተከሉት። ከመቶ ዓመት መረሳት በኋላ ይህን ማድረግ የቻሉት ሊኔየስ በአፀዱ ውስጥ ምን እንደተተከለ ዝርዝሩን በ1748 አሳትሞ ስለነበር ነው። መሬቱ ቢረሳ ወረቀቱ ነበረ።

«እነሱ አላቸው፤ እኛስ ምን አለን?» እንዳትሉኝ። አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ውስጥ በ1959 የተቋቋመ ብሔራዊ ኸርባሪየም አለ፤ ተጭነው የደረቁ ዕፅዋት በወረቀት ላይ ተለጥፈው፣ ስማቸውና የተገኙበት ቦታ ተጽፎ የሚቀመጡበት ቤት ነው። በ1980 ይኸው የእኛ ዩኒቨርስቲና ያው የሊኔየስ ኡፕሳላ ተጣምረው የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት መዝግበው ለማውጣት ተነሱ። እነ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ እነ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው፣ ከኡፕሳላም እነ ኢንጋ ሄድበርግ ደከሙበት። መንግሥት ተለወጠ፣ አገር ለሁለት ተከፈለ፣ ሥራው ግን አልተቋረጠም። በ2009 ስምንት ቅጽ ሆኖ ተፈጸመ። የያዘውም ወደ 6,000 የሚደርሱ ዕፅዋትን ነው። ቁጥሩን አስተውላችሁታል? ሊኔየስ በዓለም ሁሉ አሉ ብሎ የጻፋቸውን ያህል በእኛው ምድር ብቻ ተቆጠሩ። ከአሥሩ አንዱ ገደማ ደግሞ ከዚህ ሌላ የትም አይበቅልም።

እንግዲህ «ፈረንጅ ጻፈለት» የምትለዋ ወቀሳ በ2009 ጊዜዋ አልፏል፤ የእኛም ልጆች ጽፈዋል። ታዲያ ማናችን አነበብነው? በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ለባለሙያ የታሰበ፣ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ነው፤ በየቤቱ አይገኝም። ጥፋቱ የጻፉት ሰዎች አይደለም፤ እነሱ ሥራቸውን ጨርሰዋል። ከእነሱ በኋላ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በየቋንቋው ለተማሪ የሚሆነውን አጭር መጽሐፍ ማን ጻፈ? በየትምህርት ቤቱ ግቢ ያለውን ዛፍ ስም ማን ለጠፈበት? በየገዳማቱና በየአድባራቱ ዙሪያ የተረፈውን ጥድና ወይራ ለማየት ተማሪውን ቅዳሜ ቅዳሜ ማን ይዞት ወጣ? ዩኒቨርስቲውና ከተማው ተባብረው ጉለሌ ላይ ያቋቋሙት የዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር ይዟል፤ እሰየው ነው። ከሊኔየስ አፀድ ጋር በስፋት አይወዳደርም፤ በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። የሊኔየስን አፀድ ታላቅ ያደረገው ግን ስፋቱ አልነበረም፤ በመደቦቹ መካከል ጎንበስ ብሎ የሚቆጥረው ተማሪ ነው።

የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። አንደኛ፦ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከግቢው ጥቂት መደብ መሬት ለትምህርት ይተው፤ ሲሚንቶ አይፍሰስበት። ሁለተኛ፦ እዚያ ላይ የሚበቅለው ሁሉ የሰፈሩ ስምና የሳይንሱ ስም ጎን ለጎን ይጻፍበት፤ ስሙን የሚነግሩን «ቅጠል በጣሽ» ብለን የሰደብናቸው አባቶችና እናቶች ይሁኑ፤ በክብር ተጠርተው፣ ተከፍሏቸው። ሦስተኛ፦ ማንም ተማሪ አንዲት አበባ በእጁ ይዞ፣ ከፍቶ፣ ቆጥሮ ሳያሳይ የባዮሎጂ ፈተና አይለፍ። ሰሌዳ ላይ የተሳለው አበባ አይረግፍም፤ ፍሬም አያፈራም።

የአረጋዊቷን ጥያቄ መልስ ፍለጋ፣ ከስዊድን ከተመለስሁ በኋላ ቡና አብቃይ አገር ሄጄ አንድ ገበሬ ጠየቅሁ። ሰውየው ስቀውብኝ፣ አዝነውልኝም ነገሩኝ። የበጋው ድርቅ ቆይቶ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል፣ ከሳምንት ከአሥር ቀን በኋላ ማሳው ሁሉ በአንድ ጊዜ ነጭ ይሆናል። ሽታው ከሩቅ ይጣራል፤ በሁለት በሦስት ቀን ይጠወልጋል። አበባውን ቀጥፌ ቆጠርሁት፤ አምስት ቅጠል፣ አምስት ወንዴ። ሊኔየስ እዚህ ላይ አልተሳሳተም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቡና ላይ አንዱ ተነስቶ «ስሙን ዐረብ ወሰደብን» ሲል፣ እባካችሁ አንገታችሁን አትነቅንቁለት። «አበባው ስንት ቅጠል አለው?» ብላችሁ ጠይቁት። ካወቀ ይቆጭ፤ መብቱ ነው። ካላወቀ ቡናውን ጠጥቶ ዝም ይበል።